የሚያፈጥ እንጨት፦ ከሙታን መታሰቢያ ተነስቶ አስፈሪ ቅርፅ ስለመሥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ቅርፅ ነው። ፊት፣ ሙሉ ሰው፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰው። መነሻዬ ሰዎች ለሞቱባቸው የሚያቆሙት፣ የሚቀርፁት፣ የሚስሉት ነገር ነው፤ ከሁሉም በላይ የኮንሶ ዋካ፣ ለሞተ ሰው የሚቆመው የእንጨት ሐውልት። ሥራዬን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። ቅደም ተከተል አትፈልጉበት።

ሟርት አይሆንብህም?

ይህን ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። አክስቴ እኔ ጋ ያደረች ቀን፣ ጠዋት ስነሳ መስኮቱ ሥር የቆመው ቅርፅ ነጠላዋን ተከናንቦ አገኘሁት። «አንተ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያየኝ አደረ» አለችኝ። ተቆጣች፣ አማተበች፣ ጠበል ርጭበት አለች። ሁለተኛው ቡና ላይ ስንደርስ ግን ቀና ብላ አየችውና «አፍንጫው የጋሼን ይመስላል» አለች። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። እኔ እሱን አስቤ አልሠራሁትም፣ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሊሆንልኝ አልቻለም።

ሙት ማሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። 40 አለ፣ 80 አለ፣ ሙት ዓመት አለ፣ ተዝካር አለ። የሟች ፎቶ በትልቁ አሳጥበን፣ ፍሬም አስገብተን፣ ሳሎን ሰቅለን ከሥሩ ምሳ እንበላለን። ፎቶው ያላስፈራን ሰዎች ነገሩ እንጨት ሲሆን ለምን እንደምንደነግጥ ራሳችሁን ጠይቁ። እምነታችሁ አይፈቅድም ካለ ግን አትሥሩት፣ እኔ ማንንም ልከራከር አልመጣሁም።

ለምን አስፈሪ? ቆንጆ ነገር አትሠራም?

ማስደንገጥ ቀላል ነው። ቀይ ቀለም አፍስሱበት፣ ጥርስ ጨምሩበት፣ አለቀ። ለአምስት ደቂቃ ያስደነግጥና በስድስተኛው ያስቃል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ጀርባ ሊሰጡት የሚከብድ ነገር። ይሄ ደግሞ የሚመጣው ከደምና ከጥርስ አይደለም፣ ነገሩ ለአንድ የታወቀ ሰው ተብሎ ከመሠራቱ ነው። «ሞት» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጭራቅ ነው የሚወጣላችሁ። ከአንድ ስም ያለው ሰው ከጀመራችሁ፣ ትከሻው ወደ ግራ ያዘነብል ከነበረ ሰው፣ ያኔ የሚወጣው ፊት ምን እየጠበቀ እንደሆነ የማታውቁት ፊት ይሆናል።

አክሱም ሄዳችሁ ከሆነ አሁንም ቆሞ ያለውን ትልቁን ሐውልት እግሩ ሥር ሆናችሁ እዩት። በር አለው። ቁልፉ ሳይቀር በድንጋይ ተቀርጿል። ከበላዩ መስኮት በመስኮት፣ ፎቅ በፎቅ ነው። ከበሩ ኋላ ግን ድፍን ድንጋይ ነው፣ አካባቢው ደግሞ የመቃብር ቦታ ነው። የማይከፈት በር ለሙት ሠርቶ ቁልፉን መቅረፅ! ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ፊልም አላየሁም፣ አንድ ጠብታ ደም የለውም።

ዋካ ዋካ ትላለህ፣ ምንድነው እሱ?

ኮንሶ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በድንጋይ እርከኑና በድንጋይ አጥር በተከበቡ መንደሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ዋካ ጠላት ወይም እንደ አንበሳና ነብር ያለ አውሬ ለገደለ ጀግና፣ ወይም ለተከበረ ሰው፣ ከሞተ በኋላ የሚቆም የእንጨት ሐውልት ነው።

ብቻውን አይቆምም። መሃል ላይ ሟቹ፣ ግራና ቀኙን ሚስቶቹ፣ ከዚያ የገደላቸው ጠላቶች፣ አንዳንዴም አውሬው። ይህን እስኪ አስቡት። የገደላቸው ሰዎች ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ረድፍ ቆመው አብረው ዝናብ ይመታቸዋል። ግንባሩ ላይ ካላቻ አለ፣ የወንድነትና የማዕረግ ምልክት። ዓይኑ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ጥርሱ ከአጥንት ይሠራ ነበር። እንጨቱ በፀሐይና በዝናብ ብዛት እየተሰነጠቀ ሲሄድ ስንጥቁ የፊት መጨማደድ ይመስላል፣ ዓይኑ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፊቱ ያረጃል፣ ዓይኑ አያረጅም። እኔን ለዚህ ሥራ የዳረገኝ ይሄ ነው።

ዛሬ ልማዱ ሊጠፋ ጫፍ ላይ ነው። የቆሙትን ደግሞ ሌባ ጨረሳቸው፤ ለቱሪስትና ለሰብሳቢ የተሸጡት ብዙ ናቸው። ካራት ከተማ ያለው ሙዚየም ውስጥ ከሌባ የተረፉና ከሻጭ እጅ የተያዙ ዋካዎች ተሰብስበዋል።

ታዲያ ዋካ አስመስዬ ብሠራ ችግር አለው?

አስመስላችሁ አትሥሩ። ካላቻውን ወስዳችሁ ያገኛችሁት ፊት ላይ አትለጥፉ፤ ማዕረግ ነው፣ ጌጥ አይደለም። የማታውቁትን ሰው የጄኔራል ኮከብ ትከሻው ላይ እንደማድረግ ነው። መውሰድ የምትችሉት አሠራሩን ነው፦ በረድፍ መቆማቸውን፣ ነጩን ዓይን፣ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ማየቱን፣ ሰው ያደረገውን ነገር ከአጠገቡ ማቆምን። አያታችሁ ልብስ ሰፊ ከነበሩ ከጎናቸው የሚቆመው አንበሳ ሳይሆን ሲንጀር ነው። እኔ አንዴ ሹፌር ለነበረ ሰው መሪ ጨብጦ የቆመ ሠርቻለሁ፣ መኪና የለውም፣ መሪው ብቻ ነው።

አሮጌ ዋካ ደግሞ ማንም «ከገጠር የመጣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ቢያመጣላችሁ እንዳትገዙ። ኦሪጅናል ከሆነ ከአንድ ሰው መቃብር ላይ የተነቀለ ነው። ኬንያ ውስጥ የባህር ዳርቻዎቹ ሚጂኬንዳዎች ለሟቾቻቸው የሚያቆሙት ቪጋንጎ የሚባል እንጨት አለ፣ እሱም ላይ ይኸው ነው የደረሰው። አንዲት ተመራማሪ በ1985 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ለወንድሞቹ ካቆማቸው ሁለት ቪጋንጎ ፊት ሆኖ ፎቶ አነሳችው፤ ብዙም ሳይቆይ እንጨቶቹ ተሰረቁ። ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ሁለት ሙዚየሞች ውስጥ አገኘቻቸው። በ2007 ነው ወደ ኬንያ የተመለሱት። ያ ፎቶ ባይኖር ኖሮ ማን ያምናቸው ነበር?

የሜክሲኮው የሙታን ቀን ያው ሃሎዊን አይደለም?

አይደለም። ቀኑ ስለሚቀራረብ ነው የሚምታታው። የሜክሲኮው ዲያ ዴ ሙዌርቶስ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 1 እና 2 ነው። ሙታን ለአንድ ሌሊት ቤታቸው ይመጣሉ ተብሎ ጠረጴዛ ይዘጋጅላቸዋል፦ ፎቶ፣ ሻማ፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ በሕይወት ሳሉ የሚወዱት ምግብና መጠጥ፣ ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ሲጋራ። መንገዱን በጠረን እንዲያገኙት ሴምፓሱቺል የሚባል ብርቱካንማ አበባ ይበተንላቸዋል። ከስኳር የተሠራ የራስ ቅል ግንባሩ ላይ ስም ይጻፍበታል። ሃሎዊን ላይ ሙታኑ ማንም ናቸው። እዚህ ግን እማማ እገሌ ናቸው፣ ቡናቸውን ያለ ስኳር የሚወዱት።

ባለ ባርኔጣዋን አፅም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ ካትሪና። ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የሚባል የኅትመት ሠዓሊ በ1910ና በ1913 እ.ኤ.አ. መካከል ዚንክ ላይ የሠራት ናት። ቀልድ ነበረች። የራሷን ዘር ክዳ ፈረንጅ ለመምሰል የምትንጠራራ ሴት፣ ሥጋ እንኳን ሳይኖራት የፈረንሳይ ባርኔጣ የደፋች። በአዲስ አበባ ቋንቋ ፋራ እንዳትባል የሞተች ማለት ነው። ፖሳዳ የሠራው ራሷንና ባርኔጣዋን ብቻ ነው፤ ሙሉ ሰውነትና ቀሚስ የሰጣት ሜክሲኳዊው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በ1947 በሳለው የግድግዳ ሥዕል ላይ ነው። ፖሳዳ ራሱ በ1913 ድሃ ሆኖ ሞተ፣ የተቀበረውም በጅምላ መቃብር ነው።

ይሄን ያህል የዘረዘርኩት ለምን መሰላችሁ፣ «ጥንታዊ» የምንለው ነገር ውስጥ የአንድ ሠዓሊ እጅ እንዳለበት እንድታዩ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የሚደረገው ትልቁ ሰልፍ ራሱ የተጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ አንድ የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ የታየ የፈጠራ ሰልፍ ካለፈ በኋላ! በሌላ በኩል ዲዝኒ በ2013 የበዓሉን ስም የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ ሕዝቡ ሲነሳበት ጥያቄውን አንስቷል። ከባህል መነሳት ሌላ ነው፣ ባህሉን ካርታ አውጥቶ መያዝ ሌላ ነው።

እኛ ጋስ ከኮንሶ ሌላ ምን አለ?

ሞልቷል። ጢያ ሂዱ፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ሄዶ መመለስ ይቻላል። 36 ድንጋይ ቆሟል፣ 32ቱ ላይ ቅርፅ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ። ሰይፎቹን ቁጠሩ፣ ትርጉሙን ግን ለአስጎብኚው ተዉለት። አርሲና ባሌ ደግሞ መንገድ ዳር ቀለም የተቀቡ መቃብሮች አሉ፤ ፈረሰኛ፣ አንበሳ፣ ጦር ተስሎባቸዋል። ቀለማቸው ደማቅ ነው፣ ከሩቅ የሱቅ ማስታወቂያ ነው የሚመስሉት፣ ቀርባችሁ ስታዩ ፈረሰኛው ወደ እናንተ ነው የሚጋልበው።

የድሮው ለቅሶ ግን ለእኔ የበለጠ ነው። ሰውዬው ሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ካልመጣ፣ ወይም ትልቅ ሰው ከሆነ፣ ምስሉ ተሠርቶ ልብሱን ለብሶ ለቅሶው መሃል ይውላል። ፈረሱ ከነኮርቻው ይቀርባል፣ ኮርቻው ላይ ግን ማንም የለም፤ ጋሻው፣ ካባው፣ ጎራዴው ብቻ። አልቃሿ ለፈረሱ ታወርድለታለች። ማስፈራት ከፈለጋችሁ ባዶ ኮርቻ ሥሩ። ሙሾውን ደግሞ ስሙ፣ አልቃሽ «ደግ ሰው ነበር» ብላ አታልፍም፤ ስሙን፣ ጓሮውን፣ ዕዳውን፣ የሚወደውን በሬ ነው የምትጠራው። የቅርፅ ትምህርት የተማርኩት ከዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በምን ልጀምር? እንጨት መቅረፅ አልችልም።

በወረቀት ጀምሩ። ሜክሲኮዎቹም አፅሞቻቸውን አብዛኛውን በወረቀትና በካርቶን ነው የሚሠሩት።

ጋዜጣ ቀዳዱና አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይደር። ትንሽ ቀቅሉት፣ ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ውቀጡት፤ ገንፎ እስኪመስል። ጨምቁት። የፍርኖ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ሙጫ አድርጉት፣ ነጭ ኮላ ጨምሩበት፣ እንዳይሻግት ጨው ጣል አድርጉበት። ውስጡን በሽቦና በሃይላንድ ሠርታችሁ ላዩ ላይ በስሱ ለጥፉ። በስሱ ያልኩት ለምክንያት ነው፦ አንዴ በሐምሌ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ፊት ሠርቼ ላዩ ደረቀልኝና ቀለም ቀባሁት፣ በሳምንቱ ከውስጥ ሸተተ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጉንጩ ላይ አረንጓዴ ፂም አበቀለ። አስፈሪ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ጣልኩት። በክረምት ባትጀምሩ ይሻላል፣ ከጥቅምት በኋላ ያለው ፀሐይ ነው የሥራ ጊዜ። ደግሞ ዱቄት ስላለበት አይጥ ይወደዋል፣ ማታ ማታ ከፍ አድርጉት።

ሲደርቅ ጀሶ በቀጭኑ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቀለም። እኔ ቀለም ብዙ አልገዛም። የከሰል ዱቄት፣ ቀይ አፈር፣ የቡና አተላ በኮላ ይበቃኛል። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ እንዳትቀቡ። ፊት ካብለጨለጨ አሻንጉሊት ይሆናል። ሻማ አሟሙቃችሁ በጨርቅ እሹት፣ ቆዳ ይመስላል።

ወደ እንጨት ስትሸጋገሩ ዋንዛ ፈልጉ፣ ለመሮ ለስላሳ ነው። ባህር ዛፍ እርጥብ ሳለ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ግን ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቅባችኋል። የተልባ ዘይት ከቀባችሁ ጨርቁን አጣጥፋችሁ ጥግ እንዳትጥሉ፤ እየጋለ ሄዶ ራሱ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ዓይኑን እንዴት ነው የምትሠራው?

ከዶሮ እንቁላል። የሰጎን ከየት አመጣለሁ።

ቅርፊቱን በሳሙና ታጥባላችሁ፣ ውስጡ ያለችውን ስስ ሽፋን በጣታችሁ ትልጣላችሁ። ይህቺን ካልላጣችሁ በኋላ ትነሳና ዓይኑ ሞራ የያዘው ይመስላል (አንዳንዴ ሆን ብዬ እተዋታለሁ)። የዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ወፍራም ኮላ፣ ከዚያ ቅርፊቱን ጉብታው ወደ ውጭ ሆኖ በቀስታ መጫን። ቅጭ ይላል። መሰንጠቁ አይቀርም፣ አትደንግጡ፣ ስንጥቁን የከሰል ውሃ አብሉት፣ የደም ሥር ይሆናል።

ብሌን አታድርጉለት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። ብሌን ካለው የት እንደሚያይ ይታወቃል፤ ከሌለው ሁሉም ሰው እኔን ነው የሚያየኝ ይላል። ሌላው፣ ሁለቱን ዓይኖች በእኩል አታስተካክሉ። ቀኙን በጥቂቱ፣ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል፣ ወደ ላይ አድርጉት። ያኔ የሚያየው እናንተን ሳይሆን ከኋላችሁ የቆመውን ሰው ይመስላል። አክስቴን ነጠላ ያስወለቃት ይሄ ነው።

እውነተኛ አጥንት ብጠቀምስ?

የሰው ከሆነ በፍጹም። የበግ ከሆነ ቀቅሉት፣ አጽዱት፣ ጎረቤት እንዳይደነግጥ ደግሞ ውጭ አታስጡት።

ለቅሶ ላይ ፎቶ አንስቼ መነሻ ላድርገው?

ተው። ለቅሶ የሄዳችሁት ልትደርሱ ነው። ወንበር አስተካክሉ፣ ንፍሮ አዙሩ፣ ያያችሁትን ቤት ስትደርሱ በቃል ሳሉት። የምታስታውሱት ነገር ነው የሚጠቅማችሁ።

ለሞተብኝ ሰው ትሠራልኛለህ?

ከሞተ ዓመት ካልሞላው አልቀበልም። ሙት ዓመቱ ይለፍ እላለሁ። ደንብ አድርጌ የያዝኩት ከደረሰብኝ ነው፦ አንዲት እናት በ40ኛው ቀን መጥተው የልጃቸውን አሠሩኝ፣ ስጨርስ አዩትና ምንም ሳይሉ ወጡ፣ ሥራውም እኔ ጋ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሳቸው የፈለጉት ልጃቸውን ነው፣ እኔ የሠራሁት ዓይኑ የሚያስፈራ ልጅ ነው። አሁን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ፎቶ እንዲያሳየኝ አልፈልግም፣ ስለ እጁ እንዲነግረኝ ነው የምፈልገው። ሲቆጣ እጁን የት ያደርግ ነበር? ሰው ስለ ፊት ይዋሻል፣ ስለ እጅ አይዋሽም።

ዋጋ በስልክ አልናገርም፣ ይቅርታ።

የት ሄጄ ልይ?

አዲስ አበባ ከሆናችሁ 6 ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሂዱ። ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው የተደረደሩት፤ ከልጅነት ትጀምሩና ሞት ላይ ትደርሳላችሁ። ችኮላ የማይሻ ቦታ ነው። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ደግሞ ከፌርፋክስ ብዙም ሳትርቁ ሆሊውድ ፎረቨር የሚባለው መካነ መቃብር በየዓመቱ የሙታን ቀንን ያከብራል፤ ሰዎች መቃብር መሃል ጠረጴዛ ሠርተው ታገኛላችሁ። ሜክሲኳውያን ጎረቤቶቻችሁ ቢጋብዟችሁ ደግሞ ቤታቸው ያለው ይበልጣል።

ሥራው ሲያረጅ ምን ታደርገዋለህ?

ምንም። የስኳሩ የራስ ቅል ይሟሟል፣ ዋካውን ምስጥ ይበላዋል፣ እኔ ከእነሱ የምበልጥበት ምክንያት አልታየኝም። ያንን አክስቴ ያለበሰችውን ቅርፅ ግቢ አውጥቼ አቁሜዋለሁ። ሁለት ክረምት አልፎበታል። ግራ ጆሮው ወድቋል፣ ቀለሙ ለቋል፣ ዓይኑ ግን እንዳለ ነው። አክስቴ ስትደውል መጀመሪያ የእኔን ጤንነት፣ ከዚያ የዝናቡን ነገር ትጠይቃለች። ባለፈው «ላስቲክ ነገር ጣል አድርግበት እንጂ» አለችኝ። ጣል አደረግኩበት።